መርፌ

ከባለእጁ ሚስት ነው የገዛሁት ጣሳ፣
የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ክዳኑ የሳሳ።
«ቁጠረው» አለችኝ ነጠላ ላይ ዘርግፋ፣
«ብረቱስ ሙሉ ነው፣ ባለቤቱ ጠፋ።»
ቆጠርሁት፤ ሃያ ሰባት።
ሽጉጥ ሊሆን ጀምሮ ሞት የቀደመው ብረት።
ዋጋ ሳልከራከር ከፍዬ ወጣሁ፣
ከአራዳ እስከ ቀሃ በዝናብ ወረድሁ፣
ጣሳው ብብቴ ውስጥ ሲንኳኳ እየሰማሁ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ማታ ግን፣
ደብተር አርሜ ስጨርስ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ከድኜ፣
በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞረድ አነሳለሁ።
አባቴ ይህን ቢያይ!
«ከባለእጅ አትዋል» ብሎ ያሳደገኝ፣
ሁለት በሬ ሽጦ ምንሽር የገዛ፣
ምንሽሩ ነክሶ ሲቀርበት ወለቃ ድረስ ወርዶ
ብረት ለሚያውቀው ሰው ከደጅ ቆሞ ሰጥቶ፣
ሲቀበል በጣቱ ጫፍ፣
ሲያመሰግን በዝምታ።
ይየኝ አሁን፦
ጥፍሬ ስር የብረት ብናኝ፣
መዳፌ የስፌት መኪና ዘይት ሲሸት።
ባለእጅ ሆንሁ፣ አባቴ፤
እጅ እንዳለኝ ያወቅሁት ባርባ ስድስት ዓመቴ።

ከዚያ ክረምት እስከዚህ ክረምት።
ሞላው ከጄ ፈንጥሮ ጨለማ ቢገባ
ሦስት ማታ ፈለግሁት በባትሪ፣ በሻማ፤
በአራተኛው ጫማዬ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት።
እጀታው ከወይራ ነው፣
የአባቴ ቤት ሲፈርስ ከመቃኑ የቀረ፣
የስንት ሰው ትከሻ ሲያሸው የኖረ።
እሞርዳለሁ፣ እለካለሁ፣
ትንሽ ይቀረዋል፤ እፍ እላለሁ፣
አሁንም ትንሽ ይቀረዋል፣
የፀጉር ግማሽ ታህል።
ለተማሪዎቼ «ወደ ዜሮ መጠጋት» ብዬ የማስተምረው
ይህ መሆኑን ጣቴ ገና አሁን ነገረኝ።
ከዚያ ቀጭ!
ብረት ብረቱን ሲያውቀው፣
ማንም ያላጨበጨበለት ደስታ።

ከጠረጴዛው ማዶ አንጓች ትሰፋለች፣
የኔን ሞረድ ሰምታ ፔዳል ትመታለች።
ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ የተማሪ ቀሚስ
ሰማያዊ ክምር ጣራችን ሊደርስ።
«ሲያልቅ ምን ሊሆን ነው?» አለች ቀና ሳትል።
«ሲያልቅማ ያልቃል» አልሁ፣ መልስ ያለኝ ይመስል።

እሑድ አዛናው መጣ፣ ጎረቤታችን።
በአዘዞ በኩል ሌሊቱን ሲንጣጣ ያደረ ቀን ነው።
አነሳው፣ መዘነው፣ ወደ ግድግዳው አነጣጠረ፣
የሠርጋችን ፎቶ ላይ።
«ስንት ትለዋለህ? ዘንድሮ እኮ ያለሱ አይመሽም።»
የአንጓች ፔዳል ቆመ።
«አላለቀም» አልሁት።
«ሲያልቅ ለኔ ነው» አለና ወጣ።
ፔዳሉ ግን ሳይጀምር ብዙ ቆየ።

ባለቀ ማታ ቆጠርሁ፤ ሃያ ስድስት።
ጣሳውን ገለበጥሁ፣ ምንጣፉን አራገፍሁ፣
ጫማዬን ጭምር አየሁ።
መርፌው የለም። ያ ጥይቱን የሚወጋው፣
ያለሱ ሽጉጥ ቢሉት መቃንና ብረት ብቻ።
«አንጓች፣ መርፌ አይተሻል?»
«የቱን?» አለች። «እኔ ስንት መርፌ አለኝ።»

የደረስሁበት በመስከረም ነው፣
ቀሚስ ወገብ ላይ ላስቲክ ስታስገባ፦
ከላስቲኩ ጫፍ በክር ታስሮ፣ እያብለጨለጨ፣
በጨርቁ ዋሻ ውስጥ ራሱን እየቀበረ፣
ባንድ ወገን ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣
የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ወገብ ሲዞር።
አየችኝ። አየኋት።
ደብተሮቹን ወደ ራሴ ሳብሁና
ማረም ጀመርሁ።

አዛናው በመጣ ቁጥር ዛሬም እለዋለሁ፦
«ትንሽ ይቀረዋል።»